ስሙ ለበሽታ የተሰጠው ሐኪም፤ ቴዎዶር ቢልሃርዝ

ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ ያልሰማ ተማሪ በአገራችን ጥቂት ነው። ቃሉ ከሰው ስም የመጣ መሆኑን የሚያውቅ ግን ብዙ አይመስለንም።

ቴዎዶር ቢልሃርዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1825 ዓ.ም. በደቡብ ጀርመን በዚግማሪንገን ከተማ ተወለደ። የሕክምና ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ በ1850 መምህሩ ግሪዚንገር ወደ ግብፅ ሲሄድ ረዳት ሆኖ ተከተለው። ዕድሜው ገና 25 ዓመት ነበር።

በካይሮ በቀስር ኤል ዐይኒ ሆስፒታል የተሰጠው ሥራ ብዙ ሰው የሚሸሸው ነበር፤ ይኸውም አስከሬን እየከፈቱ የሞትን ምክንያት መመርመር ነው። በ1851 ወደ ጉበት ደም በሚያደርሰው ትልቅ ደም ሥር ውስጥ ነጫጭ ቀጫጭን ትሎች አገኘ። ቀርቦ ሲመለከታቸው ወንዱ ገላውን እንደ ቦይ አጥፎ ሴቲቱን በውስጡ አቅፎ የሚኖር ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ታይቶ ስለማይታወቅ፣ ግኝቱን በጀርመን ለነበረው ለመምህሩ ለፎን ዚቦልት በደብዳቤ አስታወቀ። ቀጥሎም የትሉን እንቁላል በሽንት ፊኛ ውስጥ አግኝቶ፣ ብዙ ግብፃውያን ደም የሚሸኑበትን ምክንያት ገለጠ።

እኛን እጅግ የሚያስደንቀን ትሉ የተገኘበት ስፍራ ነው። የሆድ ትል በምግብ መካከል ይኖራል፤ ይህ ግን የሰውነት ጠባቂዎች የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት ሌሊትና ቀን በሚመላለሱበት በደም ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል። ኋላ የተነሡ ሊቃውንት እንዳረጋገጡት፣ ትሉ ከሰው ደም የተገኙ ነገሮችን በቆዳው ላይ ይለብሳል። የዘበኛ ልብስ ለብሶ በዘበኞች መካከል እንደሚያልፍ ሌባ ነው ማለት ይቻላል።

የመከላከያ ክትባት ለማግኘት ያስቸገረውም ዋናው ይኸው ነው። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል፤ ነገር ግን ድኖ ወደዚያው ወንዝ የሚመለስ ልጅ እንደገና ይያዛል። የፈረንሳይ ሊቃውንት ከትሉ አካል ከተወሰደ አንድ ንጥረ ነገር የሠሩት ክትባት በሴኔጋል ልጆች ላይ ተፈትኖ፣ ጉዳት ባያመጣም በሽታውን ለመከላከል እንዳልበቃ በ2018 ታወቀ። ሌሎች ደግሞ ክትባቱን ለማሻሻል ሲሉ ትሉ ቆዳውን የሚያድስበትን ፕሮቲን መርጠዋል። በዝንጀሮዎች ላይ በተደረገው ሙከራ ይህ ክትባት ይበልጡን የገደለው ሴቶቹን ትሎች ነው። ሕመሙን የሚያመጣው በሥጋ ውስጥ የሚቀረው እንቁላል ስለሆነ፣ የእንቁላል ጣይዋ መሞት ትልቅ ነገር ነው። በሰው ላይም መሞከር ተጀምሯል፤ ሆኖም እስካሁን ለሕዝብ የተፈቀደ ክትባት የለም።

ወደ ሰውየው እንመለስ። ቢልሃርዝ በካይሮ የአካል ጥናት መምህር ሆነ። በዓባይ ውስጥ ስለሚገኘው ኤሌክትሪክ አመንጪ ዓሣም መጽሐፍ ጽፎ በ1857 አሳተመ፤ ትል መርማሪ ብቻ አልነበረም። በ1862 የጀርመኑ መስፍን ኤርንስት ወደ ምጽዋ ሲጓዝ አብሮ ሄደ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በካይሮ በተስቦ በሽታ ሞተ፤ 37 ዓመቱ ነበር።

ትሉ ከውሃ ቀንድ አውጣ ወጥቶ የሰውን ቆዳ በመብሳት እንደሚገባ በግብፅ የተረጋገጠው፣ እርሱ ከሞተ ከ53 ዓመት በኋላ በ1915 ነው።