ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የተማረ ወጣት ሥራ

የትምህርታችን ማለቂያ ሲቃረብ በየመኝታ ክፍሉ የሚወራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምደባ። ማን ደባርቅ ይቀራል? ማን ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ ይደርሰዋል? እዚያ ከደረስን በኋላ ስለሚጠብቀን ኃላፊነት ግን ብዙም አናወራም። ስለዚህ ለዛሬው የግድግዳ ጋዜጣችን ከእኛ ከዳባት ብዙ በማይርቀው በጎንደር የተወለዱትን የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ ይዤ ቀርቤአለሁ።

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲወድቁ፣ ወርቅነህ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበር። በዚያ ትርምስ ከወላጆቹ ተለይቶ ቀረና አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ይዞት ሄደ። አሳዳጊው ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን ስለረዳው ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ በ1874 ዓ.ም. ሲመረቅ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር። ልብ በሉ፣ የእኛ ዕድሜ እኮ ነው! በኋላም በስኮትላንድ ትምህርቱን አሻሽሎ በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆነ።

የዓድዋ ድል ወሬ ልባቸውን ስላነሣሣው በ1891 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ይሁኑ እንጂ አማርኛ አያውቁም ነበር። አያታቸው በሰውነታቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለዩአቸው። ቋንቋውን እንደ ሕፃን ከሀ ሁ ጀምረው ተማሩ።

መቼም ሐኪምነታቸው ብቻውን ስማቸውን ለማስጠራት ይበቃ ነበር። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላው ሥራቸው ነው። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ተቆጣጣሪው እርሳቸው ነበሩ። ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆችም ትምህርት ቤት መርተዋል። በ1920 ዓ.ም. ስለ ጣና ግድብ ለመነጋገር ኒው ዮርክ ሲሄዱም፣ ሐርለም ወደሚባለው ሠፈር ብቅ ብለው ጥቁር ባለሙያዎች መጥተው ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲሠሩ ጋብዘዋል።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆኑ፤ መቀመጫቸው አሰበ ተፈሪ ነበር። ጨርጨር ለሌሎቹ አውራጃዎች አርአያ እንዲሆን የታሰበ ነበር። በዚያን ዘመን ሹም የሚኖረው ከገበሬው በሚሰበስበው ነበር። እርሳቸው ግን ደመወዝተኛ ሠራተኛ አደረጉ፣ መንገድ አስጠረጉ፣ የተማሩ ወጣቶችንም ወደ አስተዳደሩ አስገቡ። እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ ነገር ይኸ ነው። ትምህርት ቤት መክፈት አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ የወጣውን ልጅ፣ ጢሙ ሳይሸብት፣ ይህን ሥራ አንተ ምራው ማለት ግን ሌላ ድፍረት ይጠይቃል። ወጣቱም መምራትን የሚማረው ሲመራ ነው እንጂ በር ላይ ቆሞ ደጅ ሲጠና አይደለም።

ያ ጅምር አልቆየም። ፋሺስት ጣሊያን ሲወረን ሐኪም ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ስለ አገራቸው ይሟገቱ ነበር። እንግሊዝ አገር ምሕንድስና የተማሩት ልጆቻቸው ብንያምና ዮሴፍ ግን እዚሁ አገር ቤት ነበሩ። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ሁለቱንም ገደሏቸው። በዚያ ዓመት ተለቅመው ከተገደሉት ብዙዎቹ እንደነሱ የተማሩ ወጣቶች ነበሩ፤ አገሪቱ ነፃ ስትወጣ የእያንዳንዱ ቦታ ባዶውን ቆየ።

አባትየው ከነፃነት በኋላ አርጅተው ተመለሱ። በ1945 ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ሲል ዐረፉ።