መዲ ዋተርስና በሌላው እጅ የነበረው መዝገብ

እ.ኤ.አ. በ1943 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚሲሲፒ ግዛት፣ ስቶቫል በተባለው የጥጥ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳ የነበረ አንድ ጥቁር ሠራተኛ ወደ እርሻው ተቆጣጣሪ ቀርቦ ደመወዙ እንዲሻሻልለት ጠየቀ። በሰዓት የሚከፈለው 22 ሳንቲም ተኩል ነበር፤ የለመነውም 25 ሳንቲም እንዲሆንለት ነው። ተቆጣጣሪው በቁጣ መለሰው። ሠራተኛውም ብዙ ሳይቆይ ጓዙን ሸክፎ በባቡር ወደ ቺካጎ ኮበለለ። ያለፈው ክፍለ ዘመን የሙዚቃ ታሪክ ከ2 ሳንቲም ተኩል ክርክር የተነሣ አቅጣጫውን ለወጠ ብንል ብዙ አላጋነንም። ሰውየው በኋላ ዓለም መዲ ዋተርስ ብሎ ያወቀው የብሉዝ ጊታር ተጫዋችና ዘፋኝ ነውና።

የልደት ስሙ ማኪንሊ ሞርጋንፊልድ ነው። እሱ ራሱ በ1915 ተወለድሁ ይል ነበር፤ ብዙዎቹ አጥኚዎች ግን 1913ን ይመርጣሉ። እናቱ በሕፃንነቱ ስለ ሞተች ያሳደጉት አያቱ ዴላ ግራንት ናቸው። ጭቃ ላይ መጫወት ያበዛ ስለ ነበር ያወጡለት ቅጽል ስም ከነተጨማሪው በእኛ ቋንቋ ድፍርስ ውሃ እንደ ማለት ነው።

የስቶቫል የአስተራረስ ሥርዓት በዕድሜ ለገፉ አንባብያን እንግዳ አይሆንም። ባለ መሬቱ መሬቱን፣ በቅሎውንና ዘሩን ያቀርባል፤ አራሹ ጉልበቱን ያፈሳል፤ ምርቱም እኩል ይካፈላል ተብሎ ይነገራል። ይሁን እንጂ አራሹ ዓመቱን ሙሉ ዱቄቱንና ልብሱን ከባለ መሬቱ ሱቅ በዱቤ ሲወስድ ይከርማል። ምርት ተሰብስቦ ሒሳብ በሚተሳሰብበት ጊዜ መዝገቡን የሚጽፈውም፣ የሚያነበውም፣ የሚደምረውም ባለ መሬቱ ብቻ ነበር። ብዙውን ጊዜ አራሹ ዕዳውን ይዞ ወደ ሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። በትምህርት ቤት ጥቂት ዓመታት ብቻ ያሳለፈው መዲ መዝገቡን ልመርምር ቢል እንኳ የሚፈቅድለት አልነበረም።

በ17 ዓመቱ ገደማ በ2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ያገለገለ ጊታር ገዛ። የጠርሙስ አንገት ጣቱ ላይ አጥልቆ በክሮቹ ላይ በማንሸራተት ጊታሩን እንደ ሰው ማስለቀስን የተማረው ሳን ሃውስ ከተባለው የአካባቢው ዘፋኝ ነው። ቅዳሜ ማታ ጎጆውን ለጭፈራ እየከፈተ በስውር የወጣ አረቄ ይሸጥ ነበር። ስለዚህም በነሐሴ 1941 አለን ሎማክስ የተባለው የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ባልደረባ ከፊስክ ዩኒቨርሲቲው ከጆን ዎርክ ጋር የድምፅ መቅጃ ጭኖ ሲመጣ፣ መዲ አረቄውን ሊይዙ የመጡ የመንግሥት ሰዎች መስለውት ነበር። የገዛ ድምፁን ከማሽን ሲሰማ ግን ከሸክላ ዘፋኞች የማያንስ መሆኑን ተረዳ። ኋላም ሁለት ሸክላና 20 ዶላር ደረሰው።

በቺካጎ በወረቀት ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ቀጥሎም የመስኮት መጋረጃ የሚያድል የጭነት መኪና ነዳ። ከ1910 እስከ 1970 ባለው ጊዜ 6 ሚሊዮን የሚያህሉ ጥቁሮች ከደቡቡ ፈልሰዋል፤ በቺካጎ የደቡብ ሰፈር መጠጥ ቤቶች ከሥራ በኋላ የሚሰበሰበውም የትናንቱ አራሽ፣ የዛሬው ወዛደር ነበር። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል የገጠሩ ጊታር አይሰማም። መዲ በ1944 የኤሌክትሪክ ጊታር ያዘ። ከሊትል ዎልተር ሃርሞኒካ፣ ከጂሚ ሮጀርስ ጊታርና ከኦቲስ ስፓን ፒያኖ ጋር ተቀናጅቶ የማሳውን እንጉርጉሮ የፋብሪካ ከተማ ድምፅ አደረገው። አዋቂዎች የፈጠራ ረቂቅነት ይሉታል፤ በእኛ አስተያየት ግን አዲሱን መሣሪያ የጠየቀው የአድማጩ የኑሮ ለውጥ ነው።

የ1948 ሸክላው ለሽያጭ በቀረበ በአንድ ቅዳሜና እሑድ አለቀ። በ1950 የቀዳው አንድ ዘፈን ርዕስ በ1962 ለተቋቋመው የእንግሊዝ ጓድ ለሮሊንግ ስቶንስ ስም ሆነ። አሳታሚዎቹ ከፖላንድ የፈለሱት ወንድማማቾች ሊዮናርድና ፊል ቼስ ነበሩ። መዲ ሊዮናርድን እንደ ወዳጁ ይቆጥረው ነበር፤ ገንዘብ ሲቸግረው ይሰጠዋል፣ አዲስ መኪናም ይገዛለታል። ሆኖም ወጪው ሁሉ ከዘፈኑ ድርሻ ላይ ይቀነሳል፤ ምን ያህል ሸክላ እንደ ተሸጠ የሚያውቀውም ኩባንያው ነው። ከባለ መሬቱ ሱቅ ያመለጠው ሰው ሳያውቀው ከሌላ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ነበር። በ1976 የዘፈኖቹን መብት የያዘውን የአርክ ሙዚክን ድርጅት ከሰሰ፤ ጉዳዩም ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ። ያን ጊዜ ዕድሜው ስድሳን አልፎ ነበር።

የእንግሊዝ አድማጮችን ነገር ሳናነሣ አናልፍም። በ1958 የኤሌክትሪክ ጊታሩን ይዞ ቢሄድ፣ የጥጥ ለቃሚ ዘፈን ሊሰሙ የጠበቁ አንዳንድ ሐያስያን ጩኸቱን ነቀፉ። በ1963 የቀድሞውን ጊታር ይዞ ቢመለስ ደግሞ ወጣቶቹ በኤሌክትሪኩ ሱስ ተይዘው ቆዩት።

መዲ ዋተርስ ስድስት የግራሚ ሽልማቶችን ተቀብሎ ሚያዝያ 30 ቀን 1983 በአውሮፓ አቆጣጠር ቺካጎ አጠገብ በዌስትሞንት ከተማ ዐረፈ። ሎማክስ ድምፁን የቀዳባት የእንጨት ጎጆው ከስቶቫል ተነሥታ በክላርክስዴል በሚገኘው የዴልታ ብሉዝ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች።