ገመድ ያልዘረጋው ቀያሽ

ዘመነ መሳፍንት ነው፤ ቦታው ጎንደር። አንድ ፈረንጅ ከፍ ያለ ኮረብታ እየመረጠ ይወጣል፤ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የናስ መሣሪያ ይተክላል፤ በመነጽሩ ወደ አንድ ተራራ ጫፍ አነጣጥሮ ቁጥር ይጽፋል፤ ወደ ሌላው ያዞረውና እንደገና ይጽፋል። ገመድ አይዘረጋም፤ እርምጃ አይቆጥርም። የሚለካውን መሬት አብዛኛውን ጊዜ አይረግጠውም። ሰውየው አንትዋን ዳባዲ ነው። እኛ አገር ስሙ ሲነሣ ቀድሞ ትዝ የሚለን ሰብስቦ የወሰዳቸው የብራና መጻሕፍት ናቸው። ለእኔ ግን ትልቁ ሥራው ሌላ ነው፤ ከምጽዋ አካባቢ እስከ ከፋ ያለውን አገር በሦስት ማዕዘን መረብ መያዙ።

ዳባዲ በጥር ወር 1810 (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) ደብሊን ተወለደ። አባቱ የፈረንሳይን አብዮት ሸሽቶ የወጣ ባስክ፣ እናቱ አየርላንዳዊት ነበሩ። በልጅነቱ ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። የምድርን መግነጢስ ለማጥናት ብራዚል ደርሶ ከመጣ በኋላ፣ በ1838 ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ወረደ። በዚያው ዓመት ጎንደር ገቡና በሊቅ አጽቁ ዘንድ አረፉ። እዚህ ላይ ሊቅነት የመማር ብቻ ሳይሆን የዳኝነትም ማዕረግ መሆኑን ልብ ይሏል። ሆኖም ሊቁ የሚፈርዱበት ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ በስም ብቻ ጎንደር ላይ የተቀመጡበት፣ ሥልጣኑ ደብረ ታቦር በራስ ዓሊ፣ ሰሜንና ትግራይ ደግሞ በደጃዝማች ውቤ እጅ የነበረበት ነው። አርኖ ጦረኛ ወጣውና የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን ተጠጋ። አንትዋን የተሻለ መሣሪያ ፍለጋ ወደ አውሮፓ ተመልሶ በ1840 እንደገና መጣ።

እንግዲህ የቀያሹ ጣጣ ከዚህ ይጀምራል። ከትምህርት ቤት እንደምናስታውሰው፣ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ማዕዘኖቻቸው እኩል ከሆኑ ተመሳሳይ ናቸው ማለት እንጂ ተገጣጣሚ ናቸው ማለት አይደለም። ቅርጻቸው አንድ ነው፤ መጠናቸው ግን አንዱ የመዳፍ፣ ሌላው የአውራጃ ያህል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዳባዲ ከጎንደር፣ ከወገራና ከሰሜን ከፍታዎች የለካቸው ማዕዘኖች የቱንም ያህል ቢበዙ፣ በእነሱ ብቻ የሚሠራው ካርታ የአገሩን መልክ በትክክል ያሳያል፤ ከጎንደር ራስ ደጀን 10 ኪሎ ሜትር ይሁን 100 ግን አይናገርም። መልኩን መጠን የሚሰጠው አንድ ርዝመት ያስፈልጋል። አንድ ጎንና በሁለት ጫፎቹ ያሉት ማዕዘኖች ከታወቁ ሦስት ማዕዘኑ ሌላ ሊሆን አይችልም፤ የቀሩት ሁለት ጎኖች በስሌት ይወጣሉ። ከእነዚያ አንዱ ለሚቀጥለው ሦስት ማዕዘን መነሻ ይሆናል፤ እንዲህ እያለ አገር ይያዛል።

በነገራችን ላይ ሦስት መረጃ ሁሉ እኩል አይደለም። ሁለት ጎንና በመካከላቸው የማይገኝ ማዕዘን ቢሰጠን፣ ሁለት የተለያዩ ሦስት ማዕዘኖች ሊገጥሙት ይችላሉ። ለሕግ ሰው ይህ ማለት ቃሉ ሁለት ተከሳሾችን እኩል የሚገልጽ ምስክር ነው።

ያን አንድ ርዝመት ከየት ያምጣው? ፈረንሳዮች መንገዱን ያውቁታል። ዴላምበር በ1798 ከፓሪስ በስተደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ሜዳ በፕላቲነም ዘንግ እየደረደረ ለመለካት ሳምንታት ፈጅቶበታል። ወገራ ላይ ይህን ማሰብ ነው። በአንድ በኩል ገደሉና ሸለቆው አለ። ከገደሉ የሚብሰው ግን ርስቱ ይመስለኛል። ገዢ በጦርነት በሚለዋወጥበት ዘመን፣ በሰው ማሳ ላይ ገመድ የሚጎትት ባዕድ ግብር ሊጥል ወይም ርስት ሊነቅል የመጣ እንጂ ሌላ ምን ሊባል ነው? ገበሬው ቢጠረጥር አልፈርድበትም። ማዕዘን የሚለካ ሰው ግን ከሩቅ ሲያዩት ተራራ የሚመለከት ሞኝ ነው፤ ማንም ምንም አልተወሰደበትም።

ዳባዲ ርዝመቱን ከሰማይ አወረደው። እርስ በርስ የሚተያዩ ሁለት ከፍታዎች ይመርጣል። ሌሊት በከዋክብት የእያንዳንዱን ኬክሮስ ያገኛል። ቀን ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው መሥመር ከትክክለኛው ሰሜን በስንት ዲግሪ እንደሚያዘነብል ይለካል። የኬክሮስ አንድ ዲግሪ በእኛ አካባቢ 110.6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለምሳሌ (ምሳሌው የእኔ ነው) የሁለቱ ቦታዎች ልዩነት ሩብ ዲግሪ ቢሆን፣ አንዱ ከሌላው በሰሜን አቅጣጫ 27.65 ኪሎ ሜትር ይርቃል። መሥመሩ ከሰሜን 60 ዲግሪ ካዘነበለ እውነተኛው ርቀት የዚህ እጥፍ፣ ማለትም 55.3 ኪሎ ሜትር ነው። አንድም ማሳ ሳይረገጥ ጎኑ ተገኘ፤ ተመሳሳይ ብቻ የነበረው ካርታ በልኩ ሆነ።

ዘዴው ድክመት አለው። መሥመሩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከሆነ የኬክሮስ ልዩነት ስለሌለ ምንም አይገኝም። በኮከቡ ልኬት አንዲት ሴኮንድ መሳሳትም መሬት ላይ 31 ሜትር ያህል ነው። ቢሆንም ኬንትሮስን ከጨረቃና ከከዋክብት ርቀት ከማውጣት ይሻላል፤ እዚያ የአንድ ደቂቃ ስህተት በጎንደር ኬክሮስ 54 ኪሎ ሜትር ያህል ያዛንፋል።

ሌላም ወጥመድ ነበር፤ የተራራ ስም። ከደምቢያ የታየው ጫፍ ከወገራ ሲታይ መልኩም መጠሪያውም ሌላ ሊሆን ይችላል። ሁለት የተለያዩ ጫፎችን አንድ አድርጎ የመዘገበ ቀያሽ የሠራው ሦስት ማዕዘን በምድር ላይ የለም። ስለዚህ አገሬውን መጠየቅ፣ ቋንቋውን ማወቅ ግድ ነበር። በ1881 ያሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ከቀያሽነቱ የተለየ ሥራ የማይመስለኝ ለዚህ ነው። ስሞቹን የነገሩት እረኞችና መንገድ መሪዎች በአብዛኛው ስማቸው አለመታወቁ ያስቆጫል።

በ1843 እናርያ ከአባ ባጊቦ ዘንድ ደርሶ እስከ ከፋ ዘለቀ። የክብር ጥያቄው የመጣው በዚህ ጉዞ ነው። በኢትዮጵያ የተጓዘው እንግሊዛዊ ቻርልስ ቤክ፣ ዳባዲ ከፋን አልረገጠም ሲል በ1850 በመጽሐፍ ከሰሰው። የፓሪሱ የጂኦግራፊ ማኅበር ለዳባዲ ወንድማማቾች የወርቅ ሜዳሊያ መስጠቱን በመቃወምም ቤክ ራሱ ከማኅበሩ ያገኘውን መለሰ። ለአንድ መንገደኛ ከዚህ የከፋ ክስ የለም። ዳባዲ በብዕር ተከራክሯል፤ የማከብረው ግን ማስረጃውን ነው። በራዳው አሰናጅነት ከ1860 እስከ 1873 የታተመው የጂኦዴዚ መጽሐፉ ካርታ ብቻ አልያዘም፤ ካርታው የተሠራባቸውን ልኬቶች ዘርግቶ አቀረበ። የጉዞ ወሬ መፈልሰፍ ይቻላል። ከብዙ ጣቢያዎች ወደ አንድ ተራራ የተወሰዱ ማዕዘኖችን እርስ በርስ እንዲገጥሙ አድርጎ መፈልሰፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የፈለገ አንባቢ ራሱ ሊያሰላቸው ይችላል። ዛሬ የከፋ ጉዞው እውነት ተደርጎ ነው የሚጠቀሰው።

ያም ሆኖ ዳባዲ ክፉኛ ተሳስቷል። ጥር 19 ቀን 1847 ከወንድሙ ጋር የጊቤ ምንጭ ላይ ደርሶ የነጭ ዓባይን መነሻ አገኘሁ ብሎ አመነ። የምንጩን ቦታ ሊለካ ይችል ነበር፤ ወንዙ ከዓይኑ ከራቀ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ግን መነጽሩ አልነገረውም፤ ግምት ነበር። ጊቤ ኦሞ ሆኖ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ጣልያናዊው ቦቴጎ ይህን በ1896 አረጋገጠ።

ዳባዲ ከኢትዮጵያ የወጣው በ1848 ነው። የሰበሰባቸው ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍት ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ናቸው፤ ጎንደሬው ተማሪ ሊያያቸው ቪዛ ያስፈልገዋል። በ1867 የሳይንስ አካዳሚው አባል፣ በ1892 ፕሬዚዳንት ሆነ። በባስክ ጠረፍ ሄንዳይ ላይ የኢትዮጵያ ሥዕሎች ያሉበት ቤተ መንግሥት አሠራ። መጋቢት 19 ቀን 1897 ፓሪስ ሲሞት፣ ቤቱን ከነኮከብ መመልከቻው ለአካዳሚው አወረሰ። በኑዛዜው የገባው ግዴታ የ500 ሺህ ከዋክብትን ቦታ በ50 ዓመት ለክቶ መመዝገብ ነበር።