አልፍሬድ ራስል ዋላስ፤ ክብሩን ያልተሻማ ሊቅ

ስለ ሕያዋን ፍጥረታት መለዋወጥ ሲነሣ በሰው ሁሉ አፍ የሚጠራው ቻርልስ ዳርዊን ነው። ነገር ግን ለብቻው ደክሞ ወደዚሁ ሐሳብ የደረሰ ሌላ ሊቅ አለ፤ እርሱም አልፍሬድ ራስል ዋላስ ነው።

ዋላስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1823 ዓ.ም. በዌልስ አገር ተወለደ። የአባቱ ሀብት ስለ ደከመ ገና በልጅነቱ ትምህርቱን አቋርጦ ከወንድሙ ጋር የመሬት ቅየሳ ሥራ ያዘ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ መምህሮቹ መጻሕፍትና በየሜዳው የሚለቅማቸው ጢንዚዛዎች ነበሩ። በ1848 ዓ.ም. ወደ አማዞን ዱር ሄዶ አራት ዓመት አዕዋፍንና ነፍሳትን ሰበሰበ። ሲመለስ ግን መርከቢቱ በባሕር መካከል በእሳት ጋየች፤ የድካሙም ፍሬ አብሮ ጠፋ። እርሱም ዐሥር ቀን በጀልባ ተንገላትቶ በሌላ መርከብ ዳነ።

ይህ መከራ ተስፋ አላስቆረጠውም። በ1854 ዓ.ም. ዛሬ ማሌዢያና ኢንዶኔዢያ ወደሚባሉት አገሮች ተጉዞ ስምንት ዓመት ተቀመጠ፤ ከ125 ሺህ የሚበልጥ ናሙናም ሰበሰበ።

በ1858 ዓ.ም. መጀመሪያ በሞሉካ ደሴቶች ንዳድ ይዞት ሲንቀጠቀጥ፥ ማልተስ ስለ ሕዝብ መብዛት የጻፈው ትዝ አለውና ነገሩ ተገለጠለት። ይኸውም እንዲህ ነው፤ ከሚወለዱት ፍጥረታት ብዙዎቹ ሳያድጉ ይሞታሉ። የአንድ ዝርያ ልጆችም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አንዱ ፈጣን፥ ሌላው ቀለሙ ከቅጠል የሚመሳሰል ይሆናል። ለአካባቢው የሚስማማ ጠባይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ተርፎ ያንኑ ለልጆቹ ያወርሳል። ይህም በብዙ ትውልድ ሲደጋገም ዝርያው ከቀድሞው የተለየ ይሆናል። የሚለወጠው እንግዲህ አንዱ እንስሳ በዕድሜው ሳይሆን ዝርያው በዘመናት ነው። ሊቃውንት ይህን የተፈጥሮ ምርጫ ይሉታል።

ዋላስ ሐሳቡን ጽፎ ለዳርዊን ላከ። ዳርዊን በዚሁ ነገር ሃያ ዓመት ያህል ሲደክም ኖሮ ገና አላሳተመም ነበርና እጅግ ደነገጠ። ወዳጆቹም የሁለቱን ጽሑፍ በጁላይ 1 ቀን 1858 ዓ.ም. ለንደን በሚገኘው በሊኒያን ማኅበር ፊት አብረው አስነበቡ። በሩቅ ደሴት የነበረው ዋላስ ግን አልተጠየቀም ነበር። በማግሥቱ ዓመት የዳርዊን መጽሐፍ ወጣ፤ ዝናውም ወደ እርሱ አዘነበለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ጠብ ባነሣ ነበር። ዋላስ ግን የዳርዊን ወዳጅ ሆኖ ኖረ፤ በ1889 ዓ.ም. ያሳተመውንም መጽሐፍ ዳርዊኒዝም ብሎ ሰየመው። ይሁን እንጂ አድርባይ አልነበረም፤ ለሰው አእምሮ የተፈጥሮ ምርጫ ብቻ አይበቃም ብሎ ከወዳጁ በግልጽ ተለይቷል። ዳርዊንም ችግሩን ዐይቶ በ1881 ዓ.ም. መንግሥት በዓመት 200 ፓውንድ ጡረታ እንዲቆርጥለት ደከመ።

ዋላስ በ1913 ዓ.ም. በ90 ዓመቱ ዐረፈ። እውነት ትገለጥ እንጂ የማን ስም ይቅደም ብሎ ያልተጣላ ሰው፥ ለሚማርም ለሚሠራም ወጣት መልካም ምሳሌ ነው።