ራስ አባተ ቧያለውና የሆሳዕና ከተማ አቆራቆር

ራስ አባተ ቧያለው በታሪክ በይበልጥ የሚታወቁት በመድፈኛነታቸው ነው። ገና ሊቀ መኳስ በነበሩበት በ1888 ዓ.ም. በመቀሌው ምሽግ ከበባና በዐድዋ ጦርነት ከበጅሮንድ ባልቻ ጋር የንጉሠ ነገሥቱን መድፈኞች መርተዋል። ርቀትን በዓይን መገመት፣ ገዢ ቦታ መምረጥና ከባድ መሣሪያን በአስቸጋሪ መንገድ ማሳለፍ የመድፈኛ ሙያ በመሆኑ፣ ይህ ልምድ ኋላ ከተማ በቆረቆሩ ጊዜ ሳይጠቅማቸው አልቀረም።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የሾሟቸው በከምባታና በሀዲያ አገር ላይ ነበር። ይህ አገር ባለቤት ያለው፣ የታረሰና የለማ ነበር፤ በሐሰን ኢንጃሞ መሪነት የሸዋን ጦር ለዓመታት በብርቱ ተቋቁሟል። አባተ በ1890ዎቹ መጨረሻ ዋቸሞ በተባለው ደጋ ላይ መቀመጫቸውን ሲያደርጉ፣ ቦታው በበዓሉ ስም ሆሳዕና ተባለ። እንደ ፎንቆ ያሉት የአካባቢው ከተሞች ግን በቀድሞ ስማቸው እንደተጠሩ ቀሩ።

በዘመኑ እንደ ተቆረቆሩት ብዙዎቹ የደቡብ ከተሞች ሁሉ፣ ሆሳዕናም በመጀመሪያ የጦር ሰፈር ነበረች። ከሰሜን የመጣው ወታደር ደመወዙ ገባር ነበር። ገባሩም እህል ያቀርባል፤ እንጨት ይሸከማል፤ ቤትና አጥር ይሠራል። ስለዚህ ቦታውን የመረጡት አባተ ቢሆኑም፣ ከተማዋን በጉልበቱ ያቆማት የአገሬው ገበሬ ነው። ግንባታ በአዛዡ ስም ብቻ ሲመዘገብ የሠሪው ድርሻ ይዘነጋል።

አባተ በ1902 ዓ.ም. በትግራይ ያመፁትን ደጃዝማች አብርሃ አርአያን ኮረም ላይ ድል አድርገው ዝናቸው ከፍ አለ። በ1903 ዓ.ም. እንደራሴው ራስ ተሰማ ናደው ሲሞቱ ሥልጣኑን በኃይል ለመያዝ ሞከሩ፤ ነገሩ በሽምግልና በርዶ ወደ ግዛታቸው ቢሄዱም፣ ብዙ ሳይቆዩ ተይዘው መቅደላ ታሰሩ። የቆረቆሯት ከተማ ግን አደገች።

የገባሩ ሥርዐት ርዝራዥ በ1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ዐዋጅ ተሽሯል። ዋቸሞ የሚለው ጥንታዊ ስምም ዛሬ የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ መጠሪያ ሆኗል። ሆሳዕና የራስን ውሳኔ፣ ዋቸሞ የአገሬውን ባለቤትነት ያስታውሳሉ፤ የከተማዋ ታሪክ የሚሟላው ሁለቱ ስሞች አብረው ሲነበቡ ነው።