የካቲት 17፦ የራስ ደስታ የመጨረሻ ዱካ

ራስ ደስታ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን አዲስ አበባ ያለው ሆስፒታል ነው። ሰውየው ግን የተያዙትና የተገደሉት እኛ ሆሳዕናዎች ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ በምናልፍበት መንገድ፣ በቡታጅራ አካባቢ ነው። ከሆሳዕና ተነስተን፣ ወራቤን አልፈን፣ ቡታጅራ ላይ ቡና ጠጥተን እንቀጥላለን፤ ስማቸውን የሚያነሳ ተሳፋሪ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እኔ የመጨረሻ ወራቸው የገባኝ ዱካ በሚለው ቃል በኩል ነው።

ሀዲያም ሆነ ከምባታ ገጠር ያደገ ልጅ ዱካ ማንበብ የሚማረው ከብት ሲጠፋበት ነው። ከዝናብ በኋላ የታተመ ኮቴ ጠርዙ ስል ከሆነ አዲስ ነው፤ ጠርዙ ከፈረሰና ቅጠል ከወደቀበት ቆይቷል ማለት ነው። እበቱ እርጥብ ነው ወይስ ደርቋል? ሣሩ ወደየት ተኝቷል? የተጫነ በቅሎ ኮቴው ከባዶው ይልቅ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ሰውም እንደዚያው ነው፤ የሮጠ ሰው በእግሩ ጣቶች በኩል አፈሩን ቆፍሮ ይሄዳል። አንድ ሰው ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጠ ዱካውን ሊያጠፋ ይችላል። ጦር ይዞ የሚሄድ ሰው ግን አይችልም። የራስ ደስታ ጣጣ እዚህ ላይ ነው።

አባታቸው ፊታውራሪ ዳምጠው ከተማ አፄ ምኒልክ ወደ ሩሲያ ከላኳቸው መልእክተኞች አንዱ ነበሩ። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ሲወድቁ ደስታ ገና ሕፃን ናቸው። አድገው የአፄ ኃይለ ሥላሴን ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅን አገቡ፣ ሲዳሞንና ቦረናን ገዙ፣ በ1925 ክረምት ደግሞ አሜሪካ ድረስ ሄደው ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም፤ ጥር 1928 ገናሌ ላይ ከግራዚያኒ ጦር ጋር ተፋጠጡ። ግራዚያኒ አውሮፕላን፣ ብረት ለበስ መኪናና የመርዝ ጋዝ ነበረው። የራስ ደስታ ጦር ተሰበረ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ስትያዝ ንጉሡ ተሰደዋል፤ የራስ ደስታ ባለቤትና ልጆችም በስደት ላይ ናቸው። የሚገዙት አገር ከኬንያ ጋር ይዋሰናል፣ እሳቸው ግን አልተሻገሩም። ሲዳሞ ውስጥ ቀርተው መዋጋቱን ቀጠሉ። ኅዳር 1929 መቀመጫቸው የነበረችው ይርጋለም ስትያዝ ሽሽቱ ተጀመረ፤ ከደጃዝማች ገብረማርያም ጋሪና ከደጃዝማች በየነ መርዕድ ጋር ሆነው የተረፈውን ጦር ይዘው ወደ ሰሜን አቀኑ።

ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ስንማር ስለ ጥቅምና ወጪ እናሰላ ነበር። እስኪ ይህንን አስሉት። እያንዳንዱ ተጨማሪ ወታደር አንድ ጠመንጃ ይጨምርልሃል። ግን የሚበላ አፍም ነው፣ የሚነድ እሳትም ነው፣ የሚረግጥ እግርም ነው። ጦሩን ብትበትነው ዱካህ ይቀንሳል፣ መዋጋት ግን አትችልም። ይዘኸው ብትሄድ ትዋጋለህ፣ ጭስህ ከሰማይ፣ ኮቴህ ከምድር ይታያል። ራስ ደስታ ሰዎቻቸውን ይዘው ሄዱ።

የካቲት 12 ቀን 1929ን ሁላችንም እናውቃለን። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም 6 ኪሎ ላይ ግራዚያኒን በቦምብ የመቱበት፣ ከዚያም አዲስ አበባ በደም የታጠበችበት ቀን ነው። ብዙዎቻችን የማናውቀው በዚያው ቀን የራስ ደስታ ጦር በሐይቆቹ አካባቢ፣ ጎጌቲ ላይ መከበቡን ነው። ደጃዝማች ገብረማርያም እዚያ ወደቁ። አዲስ አበባ የሚገኘው ሊሴ ገብረማርያም የሚጠራው በእሳቸው ስም ነው። ደጃዝማች በየነም ከዚያ ዘመቻ በሕይወት አልተመለሱም። ራስ ደስታ ቆስለው ከከበባው አመለጡ።

አሁን ጦር የላቸውም። ዱካቸውም የጥቂት ሰዎች ዱካ ሆነ። በስሌቱ መሠረት መደበቅ የሚቀለው ገና አሁን ነበር፤ ግን የቆሰለ ሰው ሩቅ አይሄድም፣ ውኃ ይፈልጋል፣ የሚያስጠጋው ቤት ይፈልጋል። አምስት ቀን ቆዩ። የያዟቸው ከጣሊያን ጋር የተሰለፉ የአገራችን ሰዎች ናቸው። ባንዳ የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ጣሊያኖች እንዲህ ያለውን ጦር የሚጠሩበት ስም ነበር። የካቲት 17 ራስ ደስታ ተረሸኑ።

ይህ ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። የጠፋች ላም ፈልጎ ለባለቤቷ የሚመልሰው ዓይንና የቆሰለ አርበኛ የሚያሳድደው ዓይን አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም እረኛ ሆነው የተማሩትን ነው የሚሠሩት። ዱካ ማንበብ ለማን እንደምታነብ አይነግርህም፤ እሱን የምትወስነው አንተ ነህ።

የሚጎድለን የእነዚያ አምስት ቀናት የመንደር ወሬ ነው። ማን ውኃ ሰጠ? ማን በሩን ዘጋ? ማን በጣቱ ጠቆመ? ይህ በአዛውንቶች ቤት የሚወራ ነገር ነው፤ ከአባታቸው የሰሙትም በየዓመቱ እያነሱ ነው። ከቡታጅራ እስከ ሆሳዕና፣ እስከ ዱራሜ ድረስ አያት ያላችሁ ልጆች ስልካችሁ ላይ ድምፅ መቅጃ አለ። ለዘንድሮ የካቲት 17 አንድ ሰው ብቻ ጠይቃችሁ ቅረጹ። ዝናብ ከመታው በኋላ ዱካ አይነበብም።