አፄ ምኒልክና የከተማቸው እንጨት

ቤት ሊሠራ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ክፍሎቹ ብዛት፥ ስለ መስኮቱ ስፋትና ስለ በሩ ማማር ነው። ምሰሶው ከየትኛው ጫካ እንደሚቆረጥ፥ ማን ተሸክሞ እንደሚያመጣው፥ ከተቆረጠም በኋላ በስፍራው ምን እንደሚተካ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በአገራችን ታሪክ ይህ ጥያቄ በአንድ ቤት ላይ ሳይሆን በአንድ መናገሻ ከተማ ላይ የመጣበት ጊዜ ነበር፤ መልሱን የመስጠት ዕዳም የወደቀው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ላይ ነው። ስለ ዓድዋ ድላቸው ብዙ ተጽፏል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ግን ሌላውን ትግላቸውን፥ ማለት ከእንጨት እጦት ጋር ያደረጉትን ትግል ነው። የዚህም ትግል አንዱ ሜዳ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው አዲስ ዓለም ናት።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት፥ አያታቸውም ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ። በ1848 ዓ.ም. አባታቸው ሞቱና አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን በያዙ ጊዜ ሕፃኑ ምኒልክ ተማርከው ተወሰዱ። አሥር ዓመት ያህል በቴዎድሮስ እጅ ቆይተው፥ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ አባታቸው አገር ተመለሱ። ያደጉት ቴዎድሮስ መንገድ ሲያስጠርጉና መድፍ ሲያሠሩ በነበሩበት ዘመን ስለ ሆነ፥ አገር በጦር ብቻ ሳይሆን በእጅ ሥራም እንደሚጸና በልጅነታቸው አይተዋል ማለት ይቻላል።

በሸዋ ከነገሡ በኋላ ከተማቸው ከአንኮበር ወደ ልቼ፥ ከልቼም ወደ እንጦጦ ተዛወረ። ይህ መዛወር ለዚያ ዘመን እንግዳ ነገር አልነበረም። የቀደሙት ነገሥታት ከነሠራዊታቸው በአንድ ስፍራ ሲሰፍሩ፥ በዙሪያው ያለው እንጨት ለጎጆና ለማገዶ ይቆረጥ ነበር። እንጨቱ ሲመናመንና ስንቁ ሲጎድል ድንኳኑ ይነቀላል፤ ሰፈሩም ጫካ ወዳለበት አገር ይሻገራል። ሰው ከእንጨት ኋላ ይሄድ ነበር እንጂ እንጨት ወደ ሰው አይመጣም ነበር። የተቆረጠው ጫካ እስኪያገግም ድረስ ምድሪቱ ታርፍ ስለ ነበረ፥ ልማዱ የራሱ የሆነ ጥበብ ነበረው። ነገር ግን ድንጋይ ቤት፥ ገበያና የውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮን ያለበትን ከተማ እንደ ድንኳን መንቀል አይቻልም።

እንጦጦ ከፍታው ከ3000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ብርዱና ነፋሱ የበረታ ነው፤ ከወታደሩም ብዛት የተነሣ ዛፉ ፈጥኖ አለቀ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃው አጠገብ ያለውን ሜዳ ወደዱት፤ አዲስ አበባም ተመሠረተች። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ ከጫኑ በኋላ የከተማይቱ ሕዝብ እየበዛ ሄደ። ከዓድዋ ድል ከየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ወዲህማ ነጋዴው፥ የእጅ ሠራተኛውና የውጭ መልእክተኛው ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ጎረፈ።

እስቲ የዚያን ጊዜውን ቤት እንመልከት። ለአንድ ክብ ቤት መካከሉን የሚይዝ ምሰሶ፥ ለግድግዳው በቅርብ በቅርብ የሚተከል እንጨት፥ ማገር፥ ወራጅና ማሰሪያ ልጥ ያስፈልጋል። ምስጥ ስለማይደፍረው ባለቤቱ የሚመርጠው ጥድን ነው፤ ጥድ ደግሞ ለምሰሶ እስኪደርስ የሰው ዕድሜ ያልቃል። ይህን ቤት በሺሕ የሚቈጠር ሰው በየጉብታው ሲሠራው፥ በዚያ ላይ የየቀኑ ማገዶ ሲጨመርበት፥ በከተማይቱ ዙሪያ የነበረው ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተራቈተ። ለትልልቁ ሥራ የሚሆነው ግንድ ከመናገሻ ጫካ ይመጣ ጀመር። ግንዱን በዳገትና በቁልቁለት ተሸክሞ ያመጣው ገበሬና ወታደር ነበር፤ ለብዙው ድካምም ደመወዝ አልተከፈለም። ስለ ቤተ መንግሥቱ ውበት ስናወራ ይህን ትከሻ ብንረሳ ታሪኩን በግማሽ መናገር ይሆናል። ቆርቆሮውና ምስማሩ ደግሞ በጅቡቲ በኩል መጥቶ በግመልና በበቅሎ ይጓጓዝ ነበር፤ ባቡር ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነውና።

ምኒልክ ችግሩ በገባቸው ጊዜ አስቀድመው የፈለጉት የአባቶቻቸውን መፍትሔ ነበር። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ኮረብታ ላይ አዲስ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ፤ ስፍራውንም አዲስ ዓለም አሉት። የአካባቢው የቀድሞ ስም ኤጄርሳ ነው፤ ይኸውም በኦሮምኛ ወይራ ማለት ነው። አገሩ በዛፍ ስም መጠራቱ ብቻ ንጉሠ ነገሥቱ ምን ፈልገው እንደ ሄዱ ይናገራል። ወደዚያ የሚወስደውም መንገድ በድንጋይ ተነጥፎ ተሠራ፤ በአገራችን በአዲሱ ዘመን ጥበብ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ መንገዶች አንዱ እርሱ ነው።

ሆኖም መናገሻው አልተዛወረም። በአዲስ አበባ ገንዘባቸውን አውጥተው ቤት የሠሩት መልእክተኞችና ነጋዴዎች ያን ሁሉ ጥለው ለመሄድ አልወደዱም። ንጉሠ ነገሥቱም ነገሩን መዝነው ሐሳባቸውን ለወጡ። ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሰጠ፤ ዛሬም የአዲስ ዓለም ማርያም በኮረብታዋ ላይ ትታያለች። ሥራው ከንቱ አልቀረም፤ ለአንድ ዓላማ የተቆረጠ እንጨትና የተጠረበ ድንጋይ ለሌላ ዓላማ ዋለ። የቆመውን ሕንፃ አፍርሶ ሌላ ጫካ ከመጨረስ ያንኑ መጠቀም ታላቅ ቁጠባ መሆኑን የዘመናችን መሐንዲሶችም ይመሰክራሉ።

አዲስ አበባን ከመነቀል ያዳናት ግን ባሕር ዛፍ ነው። ይህ የአውስትራልያ ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፥ ዘሩን ያስመጣው ሞንዶን ቪዳዬ የተባለው ፈረንሳዊ ነው ይባላል። ጥድ የሰው ዕድሜ የሚፈልገውን ያህል ባሕር ዛፍ ትዕግሥት አይጠይቅም፤ በአምስትና በሰባት ዓመት ለቤት እንጨት ይደርሳል። ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከብትም ቅጠሉን አይበላውም። ምኒልክ ዘሩ እንዲታደልና ሕዝቡ እንዲተክል አደረጉ፤ ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬትም ከግብር ነፃ እንዲሆን ፈቀዱ። ባለርስቱ ጥቅሙን ባየ ጊዜ ያለ አስገዳጅ ተከለ፤ እንጦጦም እንደ ገና ለበሰ። ከዚያ ወዲህ ከተማው ከእንጨት ኋላ መሄዱ ቀረና እንጨቱ ወደ ከተማው መጣ።

እንግዲህ የምኒልክ ብልሃት በዚህ ላይ ነው። የከተማውን ፕላን ከሚበላው እንጨት ጋር አያይዘው አሰቡ፤ ቆራጩ ተካይ እንዲሆንም ምክንያት ሰጡት። ይሁን እንጂ መፍትሔው ራሱ ዕዳ አመጣ። ባሕር ዛፍ ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል በደኅና አይበቅልም። ንጉሠ ነገሥቱ በታመሙበት ጊዜ በ1905 ዓ.ም. ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ ቅጠሉ ለሐር ትል ቀለብ የሚሆን ዛፍ እንዲተካበት ታዘዘ፤ ነገር ግን አልተፈጸመም። ሕዝቡ በጥቅሙ የተከለውን በትእዛዝ አልነቀለም። አፄ ምኒልክ ለብዙ ጊዜ ከታመሙ በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። የደከሙለት ባቡር አዲስ አበባ የገባው እርሳቸው ካለፉ በኋላ፥ በ1909 ዓ.ም. ነው።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፥ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል ወደ አምቦ የሚጓዝ ሰው በግራና በቀኝ የሚያየው የምኒልክን ዛፍ ነው። ገበሬው ከልጁ ቀጥሎ የሚተማመንበት ንብረት ሆኗል፤ በከተማም የሲሚንቶ ፎቅ ሲሠራ ሠራተኛው የሚወጣበት መወጣጫ ይኸው እንጨት ነው። የቀድሞው ጥድና ዝግባ ግን በመናገሻ ሱባ፥ በጊንጪ አጠገብ በጭልሞ፥ በሸነን በኩልም በጅባት ጫካ ተወስኖ ቀርቷል።

የእንጨቱ ጥያቄ ዛሬ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። በዚሁ በምዕራብ ሸዋ የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ በ1976 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሲሚንቶ የኖራ ድንጋይ በብርቱ እሳት ሲቃጠል የሚገኝ ስለ ሆነ፥ የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶው 7 ወይም 8 እጁ የሚወጣው ከዚሁ ሥራ ነው። በአንጻሩ የአምቦ ድንጋይ ከምድር ተፈልጦና ተጠርቦ ብቻ ለግድግዳ ይውላል፤ እሳት አይፈልግም። አንዱ ለሌላው ሁሉ ምትክ ይሆናል ማለታችን አይደለም፤ ፎቅ ያለ ሲሚንቶና ያለ ብረት አይቆምም። ነገር ግን የት ላይ ሲሚንቶ፥ የት ላይ ድንጋይ፥ የት ላይ እንጨት እንደሚበቃ የሚወሰነው ፕላኑ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ነው። መሠረቱ ከተጣለ በኋላ ቢቈጩ ዋጋ የለውም።

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ጥቂት ጊዜ የሆነን እኛ ወጣቶች መስመር ማስመርና ክብደት ማስላት ተምረናል። የመስመሩ መጨረሻ ግን በአንድ ጫካ፥ በአንድ የድንጋይ ካባ ወይም በአንድ ገበሬ ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ለማስተዋል የአዲስ ዓለምን ኮረብታ ወጥቶ ማየት ይበጃል። ምኒልክ በመጀመሪያ ቤተ መንግሥት ጀመሩ፥ ቀጥለው እንጨት አሰቡ፤ ለዚህም አንድ ያልተፈጸመ መናገሻ ከፈሉ። ከዚያ በኋላ ግን አስቀድመው ማሰብን ተማሩ። እኛ ደግሞ የእርሳቸውን ድካም በነፃ ወርሰናልና፥ ለምንሠራው ቤት ሁሉ ፕላኑን ሳንዘጋ ዕቃው ከየት እንደሚመጣና በስፍራው ምን እንደሚተካ ብንጽፍበት፥ ለሚመጣው ትውልድ ከቤቱ ጋር ጫካውንም እናስረክበዋለን።